ለመሐሙድ የተቀመጥነው ለቅሶ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙስአብ፣ ለሙፊዳ ልጅ፤ ጆሃንስበርግ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይህ፤ በሱቅህ ደጃፍ የሚያልፈውን ሁሉ ደንበኛ ያድርግልህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ጥፋቱ ቤትህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው እንጂ የኔ አይደለም።

ለምን ድምፅ አይልኩልኝም ብለህ በሰው ጠይቀኸኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሰው ደብዳቤ ስተይብ የኖርኩ ሴት ነኝ። አፌን ከከፈትኩ የማልፈልገውን ተናግሬ የምፈልገውን እረሳለሁ። ስለዚህ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ እልክልሃለሁ፤ አንተም ጻፍልኝ። ድምፅህን ስሰማ እናትህ ትመጣብኛለች፤ ያን ቀን ምግብ አይወርድልኝም።

ቤትህ ደህና ነው። ሰንጋ ተራ የነበረው የቀበሌ ቤቴ ሲፈርስ ያጎቴ ልጅ ሙፊዳ «ነይ እኔ ጋ ግቢ» ባትለኝ የት እወድቅ እንደነበር አላህ ያውቃል። እሷ ካረፈች በኋላም አንተ «ቤቱን እየጠበቁ ይቀመጡ» ብለኸኛል፤ ውለታህ አለብኝ። ብቻ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለብኝ። ቴሌቪዥኑን የምከፍተው ላየው አይደለም፣ ሰው እንዲያወራልኝ ነው።

አሁን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ደመወዝ የለውም። ሩሃማ የምትባል ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ጓደኞቿን ሰብስባ ከተክለ ሃይማኖት እስከ ሰንጋ ተራ ጎዳና ላይ የሚያድሩትን ሰዎች ታመጣለች። ኮሙናሉን ታውቀዋለህ፤ ሠርግ የሚደገስበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ ቤታችን። እዚያ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ፀጉራቸው ይላጫል፣ ልብስ ይቀይራሉ፣ ምሳ ይበላሉ። የኔ ሥራ ጥፍር መቁረጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን የአንዱን እጅ ስይዝ እኔ የምደነግጥ መስሎኝ ነበር፤ የደነገጠው እሱ ሆነ። ለካ ሰው እጁን የሚይዘው ሊያባርረው ብቻ ነበር።

ከብሎካችን በር አጠገብ ካርቶን አንጥፎ የሚያድር መሐሙድ የሚባል የወሎ ሰው አለ። እሱ አልታጠብም ብሎ አስቸገረ። «ሴትዮ፣ ስሞት መታጠቤ አይቀር፤ እስከዚያ ተዪኝ» አለኝ። ሲሳደብ አፉ አይጣል ነው። ሆኖም ጠዋት ስወጣ ሰላም የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ውጭ አገር ዘመድ አለኝ ብዬው ዱዓ አድርጎልሃል። ሰላም በይልኝ ብሏል።

እትዬ ሀሚዳህ

*

ጆሃንስበርግ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ሀሚዳ፣

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ይመልስልዎ፣ ጉልበትዎንም ያበርታልዎ። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው። የምነግደው ሎኬሽን ውስጥ ነው፤ ሎኬሽን የሚባለው ጥቁሮቹ የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ሱቁ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ስለሆነ ገንዘብ ተቀብዬ ዕቃ የማቀብለው በፍርግርጉ ቀዳዳ ነው። የምተኛውም እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ ነው።

ስለ ቅዳሜው ሥራ ያሉት ለአላህ ብለው ስለሆነ ምንም አልልም። ግን ይጠንቀቁ። ሰው ካልሰነፈ ወይም ሱስ ካልያዘው ጎዳና አይወጣም። እኔ እዚህ ስመጣ ማንም አልነበረኝም፤ የማንንም እጅ ግን አላየሁም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሲታጠቡ የቤቱን በር አይተው ነገ ይመጣሉ።

የዚያን ሰው ሰላምታ አልቀበልም። ከማላውቀው ሰው ሰላምታ አያምጡብኝ፣ ስሜንም አይንገሩት። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ውኃ ያሳልፍ ነበርና ፎቶ ቢልኩልኝ።

ሙስአብ

*

ልደታ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስአብ፣

የነቢዩ ሰላምታ ይድረስህ። ከፍርግርጉ ጀርባ ያለኸውን አላህ ከፊት ሆኖ ይጠብቅህ። የጣሪያውን ፎቶ ልኬልሃለሁ። ያ ቢጫ ነገር የድሮ ነው፣ አዲስ አይደለም።

ስምህን ነግሬዋለሁ፤ ከአፌ ወጥቷል፣ መመለስ አልችልም። «ያ ልጅሽ ጻፈ ወይ?» እያለ በየቀኑ ይጠይቀኛል። ጽፏል፣ ሰላም ብሎሃል አልኩት። ምን ልበለው ታዲያ?

ስንፍና ላልከው፣ እኔም እንዳንተ አስብ ነበር። ለካ መሐሙድም እንደ እኔው ሰንጋ ተራ ነበር፤ ከአንድ ቀጭን ግድግዳ ወዲያ የሰው ቤት ውስጥ ደባል ሆኖ ይኖር ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ የቤት ደብተር ያለን ምትክ ቤት ተሰጠን፤ ደባል የቤት ደብተር የለውም። የኔም ምትክ ቤት የማይኖሩበት ሆነና ሙፊዳ ደረሰችልኝ። እሱ ሙፊዳ አልነበረችውም። ልዩነታችን ይኼው ነው፤ ብዙ ፈልጌ ሌላ አጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዱን ሽማግሌ ይዤ ታክሲ ሰልፉን ሳቋርጥ አንዲት የሠራተኛ መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት አፍንጫዋን ይዛ «እናንተ ናችሁ የምታበዟቸው» አለችኝ። እናት ነች፣ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበች። ቤት ገብቼ መልሱ ትዝ አለኝ፤ እንደ ሁልጊዜው ከመሸ።

ብርዱ ጠንክሯል። መሐሙድን ደረጃው ላይ ከበራችን አጠገብ እንዲያድር ፈቅጄለታለሁ። የሚሰርቀው ነገር የለም፣ ደረጃ አይነሣም። በሩን ስዘጋ የሱ ሳል ይሰማኛል። እውነቱን ልንገርህ? ደስ ይለኛል፤ የሰው ድምፅ ነው።

እትዬ ሀሚዳህ

*

ጆሃንስበርግ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ሀሚዳ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ አምሳሉ ደውለውልኝ ነበር። ሰዎቹ ውኃ ያባክናሉ፣ ቅማል ያመጣሉ ተብሎ ኮሙናሉ እንደተከለከለባችሁ ነገሩኝ። ይህን እርስዎ አልጻፉልኝም። ደረጃው ላይ ያደረ ሰው ልጆች አስደንግጧል፣ ተከራዮችም ሊለቁ ነው ብለዋል። «ባለቤቱ አንተ ነህ፣ አንድ በል» አሉኝ።

እንግዲህ አንድ እላለሁ። ረመዳን ሳይወጣ ያ ሰው ከደረጃው ይነሣ። ካልሆነ ቤቱን ለማከራየት እገደዳለሁ። ሸክም ሆነውብኝ አይደለም። ሰው በስልክ ሲወቅሰኝ እዚህ እንቅልፍ አጣለሁ።

ሙስአብ

*

ልደታ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙስአብ፣

ዒድ ሙባረክ። ጾምህን ይቀበልህ፣ ዓመት ዓመት ያድርስህ። ያንተን ዒድ ማን አዘጋጀልህ ይሆን እያልኩ ዋልኩ።

መሐሙድ ከደረጃው ወርዷል። ያወረድኩት እኔ አይደለሁም። ደብዳቤህ ሲመጣ ፊቴን አይቶ «ቤት ሊያስለቅቁሽ ነው አይደል?» አለና ካርቶኑን ጠቅልሎ ወረደ። ለምኜው ነበር፤ «ሂጂ ወደ ቤትሽ፣ ለጎዳና አንድ ሰው ይበቃል» አለኝ።

በጾሙ ሁሉም ደግ ነበር። ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ሾርባው ከየፎቁ ይወርዳል። አንድ ቀን መኪና መጥቶ ቆመ፤ ተመሳሳይ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ወርደው ለየሰዉ የታሸገ ውኃና ቴምር እየሰጡ ፎቶ ይነሡ ጀመር። መሐሙድ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ «መጀመሪያ እናንተ ምን እንዳገኛችሁ አሳዩኝ፣ ከዚያ እነሣለሁ» አላቸው። ቴምሩን ግን አልመለሰም።

የዒድ ቀን ማንም ሊጠይቀኝ አልመጣም። አብስዬ ስጨርስ ሁለት ሳህን ይዤ ወረድኩና ከሱ ጋር መንገድ ዳር ተቀምጬ በላሁ። አቶ አምሳሉ አለፉ። «እንኳን አደረሰዎ ወይዘሮ ሀሚዳ» አሉኝ፣ ጎንበስ ብለው፣ በአክብሮት። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱን ብቻ ሰላም ብሎ ማለፍ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። መሐሙድ መብላቱን አላቋረጠም። እኔን ነው የነደደኝ።

ሩሃማ አሁን በባልዲ ውኃ እያመጣች መንገድ ላይ ታጥባቸዋለች። እኔም ጥፍር እቆርጣለሁ። ይህን አላቆምም ሙስአብ፤ ከወዲሁ ልንገርህ ብዬ ነው።

እትዬ ሀሚዳ

*

ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ እትዬ ሀሚዳ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ብዙ ጊዜ ልጽፍ እያልኩ ተውኩት።

ባለፈው ወር ሱቄን ሰብረው ገቡ። መጤ ይውጣ እያሉ ነበር። እኔ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ተኛሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በፍርግርግ ቀዳዳ ዳቦ የሸጥኩላቸው ጎረቤቶች መብራታቸውን አጥፍተው ተቀመጡ። እኔን አልነኩኝም፤ ዕቃው ግን አልቋል። እንደገና ለመጀመር ቤቱ መከራየት አለበት። ደላላው ጥሩ ተከራይ አግኝቻለሁ ብሎኛል፣ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ይገባል።

የመሐሙድ ነገር አይደለም። ወይም የእሱም ነገር ነው፤ አላውቅም። ቁልፉን ለአቶ አምሳሉ ይስጡልኝ። የት እንደሚገቡ ይጻፉልኝ።

ሙስአብ

*

ልደታ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙስአብ፣

ሰላምታ። አልሐምዱሊላህ፣ አንተ ተርፈሃል፤ ዕቃ ይተካል። ጣሪያ ላይ ተኛሁ ያልከውን ካነበብኩ ወዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ትታየኛለህ።

ቤቱ ያንተ ነው፣ አልተቀየምኩም። ዕቃዬን እየጠቀለልኩ ነው። የት እንደምገባ ሳገኝ እጽፍልሃለሁ፤ የምከራየው ክፍል ተክለ ሃይማኖት አካባቢ እያፈላለግኩ ነው። ጡረታዬን የሰሙ ሁሉ ፈገግ ይላሉ።

መሐሙድ ታሟል። ዘበኛው ከበሩ ስላባረረው ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ላስቲክ ወጥሮ ነው ያለው። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «እዚያ ደግሞ ስምሽ ማነው፣ የማን ነሽ እያሉ ያደክሙሻል» ይለኛል። ቅዳሜ ከሩሃማ ጋር በግድ እንወስደዋለን።

እትዬ ሀሚዳ

*

ጆሃንስበርግ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሀሚዳ፣

አላህ ያጽናዎት። ስልክዎ አይሠራም። እባክዎ ይህን እንዳዩ ይመልሱልኝ። የሞተው ማን ነው?

ሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ የሱቁ በር ተንኳኳ። ሌቦቹ የተመለሱ መስሎኝ ዱላ ይዤ ወጣሁ። እዚህ የሚነግደው የልደታው ልጅ ሰሚር ነው፣ ከኋላው የአገር ሰዎች ተሰልፈዋል። እንዲያ ሆነው ሲመጡ ገባኝ፤ መርዶ ነው። ሰሚር አቀፈኝና «የእናትህ ወገን ነው፣ አጎትህ አርፏል» አለኝ። አቶ አምሳሉ ናቸው የደወሉለት፤ «ለቅሶው ኮሙናላችን ተቀምጧል፣ ልጁ ብቻውን እንዳይሰማ ቀስ ብላችሁ ንገሩት» ብለውት። የቱ አጎቴ ስላቸው «ሌላውን ሀሚዳ ትነግርሃለች» አሉኝ። ስም የሚደብቁኝ ለምንድን ነው? አጎቴ ሰላሃዲን ነው እንዴ? ኮምቦልቻ ብደውል አይገባም።

እትዬ፣ እናቴ ስትሞት ለዚህ አገር አዲስ ነበርኩ፤ ማንም አያውቀኝም ነበር። የሰማሁት በስልክ ነው፤ ሰማሁና ሱቅ ከፈትኩ፣ ዳቦ ሸጥኩ። አሁን ግን ሰዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው ከፍርግርጉ ወዲህ ገቡ። በባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ ምግብ አመጡ፣ ቁርኣን ቀሩልኝ፣ ሦስቱንም ቀን አብረውኝ አደሩ። ብዙ አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ እንኳ ሳላውቅ።

ማን ነው የሞተብን?

ሙስአብ

*

ልደታ፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስአብ፣

አጎትህ ሰላሃዲን በሕይወት አለ፤ ዛሬ ከጎረቤቱ ጋር በስልክ ተነጋግሬያለሁ፣ ማሳ ላይ ነው አሉኝ። ካንተ ወገን ማንም አልሞተም። ስልኬን አጥፍቼው ነበር፤ ሰው እንዲህ አድርጎ እንደሚያረዳህ ብገምት ኖሮ አላጠፋውም። በላይህ ላይ ያወረድኩትን ድንጋጤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

የሞተው መሐሙድ ነው።

ቅዳሜ ሐኪም ቤት አስገባነው፣ እሑድ አረፈ። አስከሬኑን ልውሰድ ስል «የቅርብ ዘመድ ካልሆንሽ አይሰጥም፣ ባለቤት ከሌለው ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል» አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት! ምኑ ነሽ አለችኝ ልጅቷ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ። ያጎቴ ልጅ ነው አልኩና ፈረምኩ። የመስጊድ ወንዶች አጥበው ከፈኑት፣ ሰግደውበት በዚያው ዕለት ተቀበረ። ቀባሪው ጥቂት ነበር።

ቤት ገብቼ ጥቁር ሻሽ አሰርኩና መሬት ተቀመጥኩ። ድምፅ ያወጣሁ አልመሰለኝም። ለካ አውጥቻለሁ፤ የጎን ጎረቤቴ ወይንሀረግ ሮጣ መጣች። «ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። መሐሙድ አልኳት። «ምንሽ ነው?» ጠዋት ሐኪም ቤት የመለስኩት ቃል እዚያው አፌ ላይ ነበር፤ ያጎቴ ልጅ አልኳት። በራቸው ላይ የተኛውን ሰው ስም የሚያውቅ በዚህ ብሎክ አንድም ሰው እንደሌለ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። የዕድሩ ወንበር ተጫነ፣ ድንኳን ተወጠረ፣ ኮሙናሉ ተከፈተ። እንዳይታጠብበት የከለከሉት ኮሙናል ፍራሽ ተነጥፎበት፣ ንፍሮ ተቀቅሎበት፣ ሰዉ ከየፎቁ እየወረደ ገባ። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። ሰው በምን ያህል ደግነት እንደሚያጽናና ብታይ! ያቺ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሰደበችኝ ሴት ሁለተኛ ብሎክ ኖራ ለካ፤ ጉልበቴን ይዛ አለቀሰች። እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ሦስቴ አፌን ከፈትኩ። ግን ተነሥተው ይሄዳሉ። እሱም ብቻውን ይቀራል። እኔም። አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ሩሃማ መጣች። አቶ አምሳሉ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ያ የተወጠረው ላስቲክ እንዳለ ነው እትዬ፤ የመሐሙድን ካርቶን ምን ላድርገው?» አለችኝ ልጅቷ፣ ምንም ሳታውቅ። አቶ አምሳሉ የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አላስቀመጡም፣ አልጠጡም። በመስኮቱ ወደ ገንዳው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ይነሣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ዱዓው እስኪያልቅ ቁጭ አሉ። ሲወጡ ግን እንደ ባህሉ ያጽናዎ አላሉኝም፤ እስከ ዛሬም አላናገሩኝም።

ሙስአብ፣ አንተንም አታልዬ እንዳስለቀስኩህ ሆኗል። ቁልፉን በቀጠሮው ለአቶ አምሳሉ እሰጣለሁ። ክፍል አላገኘሁም፤ ለጊዜው ሩሃማ እናቷ ጋ ትወስደኛለች።

እትዬ ሀሚዳ

*

ጆሃንስበርግ፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሀሚዳ፣

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ በጣም ተናደድኩ። «ቤቱን ዛሬውኑ ይልቀቁ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። ሳልልከው በዱቤ ባገኘሁት ጥቂት ዕቃ ሱቅ ከፈትኩ። ቀኑን ሙሉ ማንም አልመጣም፤ ከደንበኛ በቀር ማለቴ ነው። ሣጥኖቹ ሰዎቹ ተቀምጠውባቸው እንደነበሩ በክብ ተደርድረዋል። አላነሣኋቸውም።

ማታ ሰሚር ብቅ አለ። ከለቅሶ በኋላ ሰው ብቻውን አይተውም ብሎ ነው። እውነቱን ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። «አጎትህ በደንብ ታውቀው ነበር?» አለኝ። ብነግረው ይስቅ ነበር። ለማያውቀው ጎዳና አዳሪ ሦስት ቀን ሱቁን መዝጋቱን እያወራ ሎኬሽኑን ሁሉ ያዳርሰው ነበር። ሁለተኛም በሬን አያንኳኳም። ይህን ሳስብ ተውኩት፤ እርስዎ አፍዎን ከፍተው የዘጉት እንዴት እንደሆነ ገባኝ።

ለደላላው ደውዬ ቤቱ ሐዘን ላይ ነው፣ አይከራይም አልኩት። ሱቁ እንደምንም ይነሣል። ቁልፉን ለማንም አይስጡ፣ የጠቀለሉትን ዕቃ ይፍቱ። በዚህ ክረምት በርዎ ላይ የሚያድር ሰው ቢመጣ አቶ አምሳሉ ለእኔ ይደውሉ፤ የምለውን እኔ እላለሁ።

ሰሚር አልሄደም ነበር። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለኝ። ከደብዳቤዎ ያነበብኩትን ነገርኩት፤ ተሳዳቢ ነበር፣ ፎቶ አይወድም ነበር፣ ለኔ ዱዓ ያደርግልኝ ነበር አልኩት። ከዚያ ወዲያ የማውቀው አለቀብኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። የከፋኝ መስሎት ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሰደቃ ላውጣለት ብዬአለሁ፤ ሰዎቹ ይመጣሉ፣ ይጠይቁኛል። እባክዎ ስለ እሱ የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ቁመቱ እንዴት ነበር? ልጅ ነበረው? በምን ይስቅ ነበር? ስለ ገዛ አጎቴ ስጠየቅ የምመልሰው አጥቼ ሰው ፊት እንዳላፍር።

ልጅዎ ሙስአብ